ጣሪያ ላይ ስለታከመው ልጄ

ይድረስ፦ ለተከበሩ የርቀት ሕክምና ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ከነሙሉ ክብሩ ይድረስዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ልብዎ በወጉ ይመታል? ወደ ማምሻው ገደማ እግርዎ አያብጥም? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም? የመጨረሻውን እንኳ ባልጠየቅሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ሊፍት እንዳለው፣ እሱም በመስተዋት ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲል፣ ከቤታችን ጣሪያ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ፍንትው ብሎ ይታያል። እግዚአብሔር ሊፍቱን ይጠብቅልዎት።

እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሕንፃዎ ፊት ለፊት ባለው አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት የምኖር፣ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ በመተኮስ የምተዳደር ሴት ነኝ። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ይህንን ደብዳቤ መጀመሪያ በእጄ ይዤ በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጥበቃው በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ «እናቴ፣ እዚህ በአካል የሚቀበል የለም፣ በስልክዎ ያስገቡ» ብሎ በትሕትና መለሰኝ። የእኔ ስልክ ደግሞ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ ለምን እንደማይሠራ ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አደረግሁት። ከሚያነቡት አንዱ እርስዎ ያሉበት ፎቅ ድረስ የሚወጣ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

ልጄ የሞተ ዕለት የደረሰኝ ወሬ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ቀድሞ የደረሰኝ የእርስዎ ነው፤ ለፍጥነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እኔ በአንድ በኩል፣ የሥራ ባልደረባዬ በሌላ በኩል ሆነን ትልቅ አንሶላ ልናጥፍ ወጥረን ይዘናል። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ሆቴል ውስጥ ስልክ ይሠራል፣ እዚያ የሚጋርደው የለም። ከማዕከልዎ የመጣ መልእክት ነበር፤ «ውድ ቤተሰብ፣ ታካሚዎ ዛሬ ከምንጊዜውም የላቀ የአካል እንቅስቃሴ አድርገዋል። እንኳን ደስ አለዎት፣ በዚሁ ይበርቱ» ይላል። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ለባልደረባዬ አሳየኋት፤ እሷም «በይ እንግዲህ ልጅሽ ድኗል፣ አሁን ሚስት እንፈልግለት፣ እኔ እኮ እህት አለችኝ» አለችኝ። «እህትሽ ታኮርፋለች» አልኳት። እየሳቅን አንሶላውን ገና ሁለተኛ እጥፋት ሳናጥፍ በሩ ላይ ጎረቤቴ ቆማ አየኋት።

ይህች ጎረቤቴ በፎቃችን ሥር አትክልት የምትሸጥ ሴት ናት። ገበያ በሚሞቅበት ሰዓት መደቧን ጥላ የትም አትሄድም፤ ልጇን ስትድር እንኳ ቲማቲሙን ለሰው አደራ ሰጥታ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ አይታዋለች። ያን ዕለት ግን ባዶ እጇን፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መጥታለች። «እትዬ፣ ልጁን ትንሽ አመም አድርጎታል፣ ነይ እንሂድ» አለችኝ። ቲማቲሙን ማን ይጠብቀዋል ብዬ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። መደቧን ጥላ ከመጣች ትንሽ አመመው የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝ።

ልጄን ያገኘሁት ወደ ጣሪያ በሚያወጣው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ጡረታ የወጡት ሾፌር፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ራሱን በጭናቸው ይዘውታል። እርምጃና የልብ ምት እንዲቆጥር ማዕከልዎ ልኮለት በክንዱ ያሰረው አምባር አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። እንኳን ደስ አለዎት የሚለው አሁንም ስልኬ ላይ እንደተከፈተ ነበር።

አሁን ልጄን ላስተዋውቅዎ፤ እናንተ በፊቱ ነው የምታውቁት፣ እሱም ሲደበዝዝ። ልጄ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ፣ ከደረት ኪሱም ማበጠሪያ ስለማይለይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ማበጠሪያ ይለው ነበር፤ እኔም ካልተቆጣሁ በቀር በስሙ አልጠራውም። በልጅነቱ ጉሮሮውን ሲያመው ከርሞ ሕመሙ ወደ ልቡ ወረደ። ሐኪሞች የልቡ በሮች በወጉ አይገጥሙም አሉን። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ከባድ ነገር ሳያነሣ፣ ደረጃ ሳያበዛ ከኖረ ዕድሜ አለው ተባልን። ደረጃ ሳያበዛ የሚለውን ቃል እባክዎ ክቡርነትዎ ያዝ ያድርጉልኝ። ምድር ቤት የተከራየነውም ለዚሁ ነበር፤ ርጥበቱን ችለን።

ያኔ የእርስዎ ሕንፃ በቆመበት ቦታ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ጤና ጣቢያ ነበረ። በሩ ሲከፈት ይጮሃል፤ አግዳሚ ወንበሩ ስለሚያዘነብል ጫፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላው ሲነሣ ይወድቃል። ሲስተር የምንላት ነርስ ልጄን ገና በሩ ላይ ስታየው «አንተ ማበጠሪያ፣ ጫማህን አውልቅ» ትለዋለች። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና ታየዋለች። ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው፣ መድኃኒቱ ይጨመራል። ካልጎደጎደ «ሂድ ሥራህን ሥራ፣ ያለፈው ጊዜ እንዳደረግኸው ግን የባሌን ራስ የተላጨ በግ አታስመስልብኝ» ትለዋለች። ሕክምናው ይኸው ነበር። በጣም ኋላ ቀር ነበርን።

ከዚያ ሥልጣኔ መጣልን። ጤና ጣቢያው ፈረሰ፣ ሲስተርም ጡረታ ወጣች፣ በቦታው የእርስዎ መስተዋት ቆመ። ሕንፃው አድጎ አድጎ ፀሐያችንን ሲጋርድ ዝም አልን፤ ፀሐይ የእግዚአብሔር ናት፣ በሌላ በኩል ትመጣለች አልን። ኔትወርኩን ሲጋርድብን ግን መላ አጣን። ከዚያ ወዲህ በፎቃችን ውስጥ ስልክ ደህና አድርጎ የሚሠራው ጣሪያው ላይ፣ በውሃ ታንከሩና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል ብቻ ነው። በምድር ያለውን ሐኪም አፍርሳችሁ ስልክ ውስጥ ስታስገቡት፣ እኛም ሐኪማችንን ፍለጋ ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ልጄ ከሚሠራበት ፀጉር ቤት የተጣለ አሮጌ የሚሽከረከር ወንበር ነበር፤ ጎረቤቶች ተረባርበው አወጡለት። ያንን ጥግ ካርድ ክፍል አልነው። አባባ ስኳር ስላለባቸው እሳቸውም ቀጠሮ አላቸው፤ ጉልበታቸውን እያሹ ሲደርሱ «ተረኛ ማነው?» ይላሉ፣ ልጄም «አባባ፣ እርስዎ ሲደርሱ ሐኪሙም ጡረታ ይወጣል» ይላቸዋል። የሰው አንሶላ ፊታችን ላይ እየተርገበገበ ነበር የምንታከመው።

ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጥልዎታለሁ።

፩ኛ. ስለ ርቀቱ። ማዕከልዎ የርቀት ሕክምና ይባላል፤ ስሙ ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ርቀቱን ከየት አመጣችሁት? በእናንተና በእኛ መካከል ያለው አንድ መንገድ ነው፤ እሱም ቀጭን መንገድ፣ ሁለት መኪና ሲተላለፍ አንዱ መስተዋቱን የሚያጥፍበት። ልጄ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰሞን ራሱ ተሻግሮ በርዎ ድረስ መጥቶ ነበር። ከላይ ተደውሎ በቀጠሮው ሰዓት በቪዲዮ እንዲገባ ተነገረው። ተመልሶ መንገዱን ተሻገረ፣ ደረጃውን ሁሉ ወጣ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ስልኩን ከፈተ። ያን ዕለት እኔም አብሬው ነበርኩ። ስልኩ ላይ ከሐኪሙ ጀርባ የተሰቀለ አንድ ሰማያዊ የባሕር ሥዕል ይታያል። ልጄ ቀና ብሎ ወደ ማዶ ሲያይ ያው ሥዕል በመስኮቱ ታየው፤ ከሥዕሉ ፊት ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ወንበሩ ላይ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ። «እማ፣ ሐኪሜን አየሁት፤ የእሱም ወንበር እንደኔው ይሽከረከራል» አለኝና እጁን አውለበለበለት። ሐኪሙ ስልኩ ውስጥ ሆኖ «እጅዎን አያንቀሳቅሱ፣ ምስሉ ይደበዝዛል» አለው። ቀና ብሎ በመስኮቱ ቢያይ ኖሮ የማይደበዝዝ ልጅ ያይ ነበር። የልጄን ቁርጭምጭሚትም ካልሲውን ዝቅ አድርጎ በስልኩ እንዲያሳይ ነገረው፤ አይቶም ብርሃኑ አይበቃም አለ። አውራ ጣት እንዲልክለት አልጠየቅነውም።

አበው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለዋል። እናንተ ደጃችን ላይ ቆማችሁ ሳለ ራሳችሁን የሩቅ ዘመድ ለማድረግ ስንት ዓይነት መሣሪያ እንደገዛችሁ ሳስብ ጥረታችሁ ይገርመኛል።

፪ኛ. ስለ እንኳን ደስ አለዎት። ያን ዕለት የሆነውን አባባ ነግረውኛል፤ ከልጄ ቀጥለው ወረፋ ይዘው ስለነበር ሁሉንም አይተዋል። ልጄ ከእንቅልፉ የተነሣው ደክሞት ነው። ጣሪያ ወጥቶ ከሐኪሙ ጋር ገና ሰላምታ ሲለዋወጥ ስልኩ ኃይል ጨረሰ። ከመጥፋቱ በፊት ሐኪሙ ቶሎ ካልተመለሱ ቀጠሮዎ ያልፋል ብሎት ነበር። አባባ ስልካቸውን ቢያቀርቡለት ማዕከልዎ ታካሚን በራሱ ስልክ እንጂ በሌላ ሰው ስልክ አያስገባም፤ ለምስጢራችን መጠበቅ እናመሰግናለን። «ተወው ልጄ፣ ነገ ይሁን» ብለውታል። እሱ ግን «አባባ፣ ቀጠሮ ካለፈ እንደገና ወረፋ ነው፤ ሐኪም ያስጠብቃል እንጂ ይጠብቃል ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?» አለና ስልኩን ሊሞላ ወረደ። ምድር ቤት ድረስ ወረደ። ስልኩን ጥቂት ሞላና ቀጠሮው እንዳያልፈው እየተቻኮለ እንደገና ሽቅብ ወጣ።

እንግዲህ አምባራችሁ የቆጠረው ይህንን ነው። ልቤ ደክሟል የሚል ሰው በአንድ ጠዋት ከምድር እስከ ጣሪያ ሁለት ጊዜ ሲወጣ አየና ጎበዝ አለው። እግሩ ሲራመድ ቆጠረ፤ ወዴት እንደሚራመድና ለምን እንደሚቻኮል አልጠየቀም። ልቡ ምን ያህል እንደሮጠም ቆጥሯል አሉ፤ ግን አምባሩ ያየውን ሁሉ ለእናንተ የሚልከው ኔትወርክ ሲያገኝ ነው፤ የልቡ ወሬ ከደረጃው ጋር ተጠራቅሞ በአንድነት ደረሳችሁ። ከተጠራቀመው ውስጥ መርጣችሁ ለእናትየው የላካችሁት ደስ የሚለውን ነው። መሣሪያው ይህን መልካም ጠባይ ከሰው ተምሮ ነው እንጂ መሣሪያ በራሱ እንዲህ አያውቅም። እናቴ ሰው ሲሞት ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም ትል ነበር፤ እናንተ ምርቃት ጨምራችሁበት ነገራችሁኝ።

፫ኛ. ስለ ሞት መጥፋት። ከቀብር በተመለስን ሰሞን ክቡርነትዎ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁ። ቤቴ ኀዘንተኛ ሞልቶት ነበር፤ አትክልት ሻጯ ድምፁን ልትቀንሰው ስትል ተዪው አልኳት። ማዕከሉ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በግቢው ውስጥ አንድም ታካሚ አልሞተም አሉ። እኔ ምስክር ነኝ፣ እውነት ብለዋል። ሰው በማይገባበት ግቢ ሰው አይሞትም። እንዲያውም በዚህ ስሌት ግቢዎ ውስጥ የታመመም፣ ያሳለም የለም። አባባ ሲሰሙ «እኔም አውቶቡስ መንዳት ካቆምኩ ወዲህ አንድም ሰው አልገጨሁም» አሉ። ኀዘን ቤት ውስጥ ሳቅ ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሳቅሁ፣ ቀጥሎም ማልቀሱ ቀለለኝ። ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ልጄ ከመንገዱ ማዶ፣ በእኛ ደረጃ ላይ ስለሞተ የሚጠየቀው ደረጃው ነው ማለት ነው። ደረጃውን ጠይቄዋለሁ። እሱ እንኳ ሰው ሲጮህበት ድምፅ ይመልሳል።

፬ኛ. ስለ ማጽናናቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል ማዕከልዎ ለእኔም አሰበልኝ። በስልኬ መልእክት መጣ፤ ኀዘን ለደረሰባቸው ቤተሰቦች በቪዲዮ የምክር አገልግሎት እንደምትሰጡ፣ ቀጠሮም እንደተያዘልኝ ይገልጻል። በቪዲዮ ስለሆነ ጣሪያ መውጣት አለብኝ። ልጄ የሞተበትን ደረጃ ረግጬ፣ በልጄ ሞት ልጽናና ወጣሁ። እርስዎ ልጅ እንዳለዎት አላውቅም፤ ካለዎት ይህን ዐረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡልኝ።

ወንበሩ እንዳለ ነበር፤ የሰው ልብስ ውሃ አንጠባጥቦበታል። በሽርጤ ጠርጌ ተቀመጥኩ። ስልኩ ላይ አንዲት ወጣት ልጅ መጣች፤ ፊቷ ደግ ነው፣ ድምፅዋ ግን እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ። እኔም ለእሷ እንደዚያው ሳልሆን አልቀረሁም፤ «እናቴ፣ ድምፅዎ ይጠፋብኛል፤ ወደ ተሻለ ቦታ መሄድ ይችላሉ?» አለችኝ። ከጣሪያ የተሻለ ቦታ ምን እንደሆነ አሰብኩ። ከዚያ በላይ ያለው ልጄ የሄደበት ብቻ ነው። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ተነሥተሽ በመስኮት ወደ ውጭ እይ» አልኳት። ተነሣች። ስልኩ ላይ ወንበሯ ባዶውን ቀረ። ማዶ፣ ከሐኪሙ መስኮት ሁለት መስኮት አለፍ ብሎ፣ አንዲት ልጅ የጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አድርጋ መጥታ ቆመች። እኔ በውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ እሷ በመስተዋቱ ውስጥ ሆነን ተያየን። ስልኩ ውይይቱ ተቋርጧል አለ። እኛ ግን አላቋረጥንም ነበር።

ያ ሁሉ ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ልጅቷ ሥራዋን ስትጨርስ ወረደች፣ የእግረኛው መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቀች፣ ተሻገረችና የምድር ቤታችንን በር አንኳኳች። በቃ ይኸው ነው። እግሯ አልተሰበረም፣ ሕንፃውም አልፈረሰም። ገብታ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ እጄን ያዘች። የተማረችውን ምክር እንደ መጽሐፍ ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፣ መሐል ላይ ተወችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፉን አይታ «ይህን ፀጉር ማን ነው የቆረጠለት?» አለችኝ። ራሱ ነው አልኳት፤ በሁለት መስተዋት እያየ ራሱን ነበር የሚቆርጠው፣ ከኋላ ትንሽ ሁልጊዜ ይዛባበታል። ጤና ጣቢያው ከፈረሰ ወዲህ ያለው ጊዜ ሁሉ ሲቆጠር፣ ከጤና ሰው እጅ እጃችንን የነካ የመጀመሪያው የእሷ ነው። ማን እንደሆነች አልነግርዎትም፤ ታካሚን በአካል ማግኘት ከሥራ እንደሚያስወጣ ሰምቻለሁና። በመስኮት ያየ ሁሉ ይጠርጠርልዎት።

፭ኛ ብዬ ቁጥሩን ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። የቀረኝ ቅሬታ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የመሣሪያ ጠላት እንዳይመስልዎት። ከሐኪም እጅግ ርቆ በሚገኝ ገጠር የምትኖር እህት አለችኝ፤ ባለፈው ልጇ ትኩሳት ሲያስጨንቀው በስልክ የሰማቻት ሐኪም አድርጊ ያለቻትን አድርጋ ልጁ ተርፏል። ያንን የሠራውን ሰው እግሩን ብስም አልጠግብም። ሩቅ ላለ ሰው ድምፅም እጅ ይሆናል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው፤ ሩቅ ያለውን ለማቅረብ የተሠራውን ነገር ወስዳችሁ ቅርብ ያለነውን አራቃችሁበት። ልጄ ይህንኑ በቀልድ ነበር የሚለው፤ «እኔ ጢም በስልክ መላጨት አቃተኝ፣ እነሱ ልብ ያክማሉ፤ ወይ እነሱ ጎበዝ ናቸው ወይ እኔ ሰነፍ ነኝ» ይል ነበር። ሰነፍ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደፊት የነፍሰ ጡሮችም ክትትል እንደዚሁ በቪዲዮ ብቻ እንደሚሆን፣ ከሰፈራችን ወዲያ የቀረችላቸው የመመርመሪያ ክፍልም እንደምትዘጋ፣ ከዚያም ወዲያ ከሐኪሙ በፊት ማሽን ራሱ እንደሚያነጋግረን በሬዲዮው ላይ ነግረውናል። በእኛ ፎቅ ሁለተኛው ደርብ ላይ የአናጢው ሚስት አለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ወሯ ገብቷል። ከትናንት በስቲያ በደረጃው ስትወጣ አገኘኋት። አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው፤ ከወዲሁ በእናንተ ቪዲዮ ስለምትከታተል ስልኳ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «እትዬ፣ ጎበዝ ብሎኛል ዛሬ» አለችኝና ፈገግ አለች። አምባሩን አሳየችኝ፤ አረንጓዴው ብልጭ ይላል።

እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እሷንም አስቀመጥኳት። ባሏ እስኪመጣ ድረስ ሁለታችንም አልተነሣንም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የእኔ ተቃጥሏል፤ የእሷ ገና ነው። የምለምንዎት ብዙ አይደለም። ሕንፃዎ ሥር፣ ሰው የማይቀመጥባቸው ሶፋዎችና የፕላስቲክ አበባ ያሉበት ትልቅ አዳራሽ አለ። አበባውን ትንሽ ገፋ ያድርጉልኝና አንድ ክፍል ይክፈቱ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አውራ ጣት ያለው ሰው ይኑርበት። በሩ ቢጮህም ግድ የለንም፤ የሚጮህ በር ለምደናል። ከምድር እስከ ጣሪያ ከሚወጡ ሰዎች ይልቅ መንገድ የሚሻገሩ ሰዎች ቢያዩ ለዓይንዎም ይሻላል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ ልብ፣ የማያብጥ እግርና የማይበላሽ ሊፍት እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ ለማንበብ ስላባከኑት ውድ ጊዜም ከልብ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

የመንገድ ማዶ ጎረቤትዎ፣
የማበጠሪያ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ከማዕከልዎ አንድ የመጨረሻ መልእክት ደረሰኝ። አገልግሎቱ ስለተቋረጠ ልጄ በክንዱ አስሮት የነበረውን አምባር እንድመልስ ይጠይቃል፤ ንብረት ስለሆነም በሌላ መንገድ እንደማይቀበሉ፣ በአካል ቀርቤ እንዳስረክብ ያዛል። በአካል መቅረብ ለካ ይቻላል። የሚከፈት በርም አለ፣ የሚቀበል ሰውም አለ፤ ልጄ አምባሩን ትቶ ክንዱን ይዞ ስለመጣ ነው ያልተከፈተለት። እሺ፣ እመጣለሁ። ብቻዬን ግን አይደለም፤ አባባ ጉልበታቸውን ይዘው፣ የአናጢው ሚስት ሆዷን ይዛ ከኋላዬ አሉ። በሩ ሦስታችንንም እስኪያስገባ ድረስ አምባሩን አልለቅም።

እናንተ ደግሞ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች፣ ለእርሳቸው የምለው ይኸው አልቋል፤ ለእናንተ ግን አንድ ነገር አለኝ። ለልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ። እንደየእምነታችሁ፣ እንደምታውቁት አድርጋችሁ ጸልዩለት። ስሙን ባልጽፍም ፈጣሪ ማበጠሪያ ማን እንደሆነ አይጠፋውም። ቀጠሮ አያስፈልግም፣ ወረፋም የለውም። ጣሪያም መውጣት የለባችሁም፤ ካላችሁበት ይሰማል።